«ስክሪን አኪዩሬት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው በአንድ ዐውደ ርእይ ላይ የስቶርምትሩፐር (በስታር ዋርስ ፊልሞች ያለው ነጭ ለባሽ ወታደር) የራስ ቁር አነሣ፤ አገላብጦ አየውና «ይህ ስክሪን አኪዩሬት አይደለም፤ ግራና ቀኙ እኩል አልመጣም» ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ቁሩን የሠራው ወጣት አንገቱን ደፋ። ከአጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በኮምፒውተር የተነደፈ፣ ግማሹ ተሠርቶ ሌላው ግማሽ እንደ መስተዋት ምስል የተገለበጠ፣ እንከን የማይወጣለት ቁር «መቶ በመቶ ስክሪን አኪዩሬት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ቆሟል። ፍርዱ ተገለባብጦ ነበር። የወጣቱ ቁር ከሁለቱ ወደ እውነተኛው እጅግ የቀረበው ነው፤ ይህንንም ለወጣቱ እዚያው ነግሬዋለሁ። ሰውየው ግን ሄዷል። ተመሳሳይ ነገር ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ላድርገው።

ስክሪን አኪዩሬት የሚባለው በአንድ ተለይቶ በታወቀ ፊልም ውስጥ፣ አንድ ተለይቶ የታወቀ ገጸ ባሕርይ የለበሰውን አልባስ ከነጉድለቱ መስሎ የተሠራ ነው። «ከነጉድለቱ» የምትለውን ቃል ብዙ ሰው ይዘልላታል፤ ያለ እርሷ ግን ትርጉሙ ይፈርሳል። ቃሉ ስለ ጥራት አይናገርም፤ ስለ ዋጋም አይናገርም። የፊልሙ ባለቤት ፈቃድ የሰጠበት ምርት መሆኑንም አያመለክትም። ፈቃድ ማለት አምራቹ እንዲሸጥ ተፈቅዶለታል ማለት ነው፤ የሸጠው ዕቃ ካሜራ ፊት ከቆመው ጋር ይግጠም አይግጠም በሚሊ ሜትር ተለክቶ የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው።

የ1977ቱን የመጀመሪያውን የስታር ዋርስ ፊልም እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የነጫጮቹ ወታደሮች የራስ ቁር በ1976 በለንደን ዳርቻ በትዊከንሃም ሲመረት ጊዜውም ገንዘቡም ጠባብ ነበር። መነሻው ቅርጽ በእጅ ተቀረጸ፤ የጋለ የፕላስቲክ ሉህ በላዩ ተዘርግቶ ከሥር አየሩ ሲመጠጥ ሉሁ ቅርጹን ያዘ። የፊቱና የኋላው ክፍል ለየብቻ ወጥተው ተጋጠሙ። መጋጠሚያውን የሚሸፍኑት ጆሮዎች ለእያንዳንዱ ቁር በእጅ እየተከረከሙ ተገጠሙ፤ ጉንጩ ላይ ያሉት ሰማያዊ መስመሮችም በብሩሽ ተሳሉ። ከዚህ ሁሉ የእጅ ሥራ በኋላ ግራው ዓይን ከቀኙ አይገጥምም፤ አፉ ትንሽ ያዘነብላል፤ የፊቱ ክፍል አንዱ ቁር ላይ ቀና፣ ሌላው ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። አንድ ትዕይንት ላይ ፊልሙን አቁማችሁ ተርታ የቆሙ ወታደሮችን ብትመለከቱ ሁለት ፍጹም አንድ የሆኑ ፊቶች አታገኙም። መዛነፉ የዚያ ቁር መልክ ነው። ግራና ቀኙን ያስተካከለ ሰው ያማረ ቁር ሠርቶ ይሆናል፤ በዚያ ፊልም የታየውን ቁር ግን አልሠራም።

ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ አስቡ። አንድ ሰው «ዳዊት ጻፍልኝ» ቢለው ጸሐፊው ከፊቱ የዘረጋው አብነት ላይ ግድፈት ሲያገኝ አቅንቶ ይጽፋል፤ የታዘዘው መዝሙሩን ነውና። ሰውየው ግን «የአያቴን ዳዊት፣ ያንኑ ራሱን አስመስለህ ሥራልኝ» ቢለው ትእዛዙ ሌላ ነው። ያኔ ተዘልላ ኋላ ከመስመር በላይ በደቃቁ የተጻፈችው ቃል እዚያው በቦታዋ መውጣት አለባት። ብራናው ሲፋቅ ተቀድዶ በክር የተሰፋበት ቦታ፣ ሐረጉ ጥግ ላይ ሲደርስ የሳሳው ቀለም፣ ሁሉም እንዳለ መምጣት አለበት። ጸሐፊው አሳምሮና አርሞ ቢያስረክብ ሰውየው ጥሩ ዳዊት ያገኛል፤ የአያቱን ዳዊት ግን አላገኘም። ዐውደ ርእዩ ላይ ያየሁት ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የአያትን መጽሐፍ ይዞ የመጣውን ወጣት «ግድፈት አለበት» ብሎ መለሰው።

በዚሁ ምሳሌ ትንሽ ልቀጥል፤ ሙያዬ ፕላስቲክ ስለሆነ የሚቀጥለው ነጥብ እኔን ከሌላው ሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ የመጀመሪያውን ግድፈት ይዞ የራሱን ይጨምራል። አንድ ሰው ሌላው የሠራውን ቁር ገዝቶ ከእርሱ ላይ አዲስ ቅርጽ ማውጫ ሲያዘጋጅ የሚሆነው ይህ ነው። ለጥሩሩ (ደረትን፣ ክንድንና እግርን ለሚሸፍነው የወታደሩ ነጭ ልብስ) የሚያገለግለው ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ከ0.4 እስከ 0.7 በመቶ ይኮማተራል። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ዕቃ ላይ ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ላይ የሉሁ ውፍረት ጠርዙን ሁሉ ያለሰልሰዋል፤ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ስትደርሱ የዓይኑ ቅንድብ ስለት እንደ ቀለጠ ሳሙና ይደበዝዛል። በልምድ ያለ ሰው ቁሩን ከሩቅ አይቶ ከስንተኛ ቅጂ እንደተወሰደ ይለያል። የሰውን ሥራ ሳያስፈቅዱ እንዲህ ማባዛት በአድናቂዎቹ ዘንድ የሚያስነቅፍ ነገር ነው፤ እኔም ከነቃፊዎቹ ጋር ነኝ፤ ለዓመታት በፎቶግራፍና በመለኪያ የደከመው ሌላ ሰው ነውና።

«እሺ፣ ፊልሙን አቁሜ የማየውን ልከተል» የሚል ይኖራል። ይህም ወጥመድ አለው። የቆየ የብራና መጽሐፍ በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም ሲነሣ የቅዱሳኑን ስም የጻፈው ቀይ ቀለም ግራጫ ሆኖ ይታያል። ፊልሙን ብቻ አይቶ የሚገለብጥ ጸሐፊ ስሞቹን በግራጫ ይጽፋል። የሲኒማ ስክሪንም እንዲሁ ያደርጋል። በመጀመሪያው ፊልም የክፉው ገጸ ባሕርይ የዳርት ቬደር ጭምብል በሁለት ቀለም የተቀባ ነበር፤ አንዳንዱ ገጽ አንጸባራቂ ጥቁር፣ አንዳንዱ የጠመንጃ ብረት የሚመስል ጥቁር ግራጫ። ስክሪን ላይ ግን አብዛኛው ተመልካች ያየው አንድ ወጥ ጥቁር ነው። ሲ-ስሪፒኦ የሚባለው ወርቃማው ሮቦት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ብርማ ነው። ብርማው ላይ በዙሪያው ያለው ወርቅማና አሸዋማ ነገር ስለሚያንጸባርቅበት ፊልሙን በቃሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ ሳያስተውለው ዓመታት ያሳልፋል። ታዲያ ጭምብሉን ወጥ ጥቁር የቀባ ሰው ተሳስቷል? አዎ፣ ተሳስቷል። ቃሉ «ስክሪን» ቢልም የምንገለብጠው ካሜራው ፊት የቆመውን ዕቃ ነው። ስክሪኑ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ብቻውን አይበቃም። በቀረጻው ወቅት የተነሡ ፎቶግራፎችና የተረፉት ዕቃዎች አብረው መታየት አለባቸው። ፊልሙ ለቪዲዮ ዲስክ እንደገና ሲዘጋጅ ቀለሙ የተስተካከለባቸው ጊዜያት ስላሉም የአንድን እትም ቀለም እንደ ወንጌል አትያዙ።

የተረፉትን ዕቃዎች ስታዩ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤቢኤስ ውስጥ ያለው ጎማማ ክፍል ከፀሐይ ብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይበላሻል፤ ፕላስቲኩም እያደር ይቢጫል። ዛሬ በመስተዋት ሳጥን ውስጥ የምታዩት የቅቤ መልክ ያለው ጥሩር በ1976 ነጭ ነበር። ቢጫውን ቀለም በጥንቃቄ ቀላቅሎ፣ ደረቱን ሁሉ ቀብቶ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል። ድካሙን አከብራለሁ፤ የገለበጠው ግን አርባ ዓመት ያሳለፈውን ፕላስቲክ ነው።

ቁሩ የተሠራበት ማቴሪያል ግን ምን ነበር? ለጅምላ ወታደሮቹ የተሠራው ቁር ፖሊኢታይሊን ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ወጥቶ ነጭ የተቀባ ነበር። ፖሊኢታይሊን ቀለምም ማጣበቂያም አይወድም፤ የዚያን ጊዜዎቹ ቁሮች ቀለማቸው የሚላጠው ለዚህ ነው። ዛሬ የሚሠራው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ኤቢኤስ ይጠቀማል፤ ይህን ስሕተት የሚለው የለም። ትክክለኛነቱ የሚለካው ለዓይን በሚታየው ቅርጽ፣ መጠን፣ ቀለምና አገጣጠም ነው። ሳይጠየቅ ስለ ማቴሪያል አንድ ነገር ልጨምር፤ በስሪ-ዲ ፕሪንተር ብዙውን ጊዜ የሚታተምበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይለሰልሳል። በበጋ ፀሐይ መኪና ውስጥ የተተወ ቁር ሲመለሱ ጠምሞ ይጠብቃል። ኤቢኤስ ስትፈገፍጉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ በሙቀት ስታጎብጡት ደግሞ መስኮት ክፈቱ።

አሁን ወደ አድናቂዎቹ ማኅበር እንምጣ፤ ጀማሪው እጅግ የሚደናገረው እዚህ ነው። 501ኛው ሌጌዎን በ1997 በአሜሪካ በአልቢን ጆንሰን መሥራችነት የተቋቋመ፣ ዛሬ በብዙ አገር ቅርንጫፍ ያለው የአድናቂዎች ማኅበር ነው። የስታር ዋርስን የክፉውን ወገን ገጸ ባሕርያት ለብሰው ሆስፒታል ያሉ ሕፃናትን ይጎበኛሉ፤ ለበጎ አድራጎት ይሰለፋሉ። አባል ለመሆን 18 ዓመት መሙላትና የራስ የሆነ፣ የጸደቀ አልባስ መያዝ ግድ ነው። ማኅበሩ ለየአልባሱ ምን ምን መሟላት እንዳለበት በፎቶግራፍ የሚያሳይ የማጣቀሻ መዝገብ አለው። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ የተነሣችሁትን ፎቶግራፍ ትልካላችሁ፤ ኃላፊው ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል።

«ማኅበሩ ያጸደቀው ስለሆነ ስክሪን አኪዩሬት ነው» የሚል ክርክር እሰማለሁ። መጽደቅ ዝቅተኛው መስፈርት መሟላቱን ይናገራል። ለዚህ ማስረጃው ማኅበሩ ራሱ ነው፤ ለስቶርምትሩፐር ከመሠረታዊው ማጽደቅ በላይ ሁለት ተጨማሪ ደረጃዎች አሉ፤ የመጨረሻው «ሴንቱሪየን» ይባላል። መሠረታዊው ሙሉ ትክክለኛነት ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ባላስፈለጉ። መስፈርቱ ዝቅ ብሎ መጀመሩም ደግ ነው፤ አዲስ ሰው ገብቶ፣ ከነባሮቹ ጋር ቆሞ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያሻሽላል። በመሠረታዊው ደረጃ የጸደቀውን ሰው ማሳፈር ግን ማኅበሩ ከተቋቋመበት መንፈስ ጋር ይጣላል።

ይህን ቃል እንዲህ አጥብቄ የምይዘው ለምን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር ሆኗል። በ2019 መታየት የጀመረው «ዘ ማንዳሎሪያን» የተሰኘው ተከታታይ የስታር ዋርስ ፊልም ሲቀረጽ ብዙ ስቶርምትሩፐሮች ለሚያስፈልጉበት ትዕይንት በቂ ጥሩር አልነበረም። አዘጋጆቹ የ501ኛውን ሌጌዎን አባላት ጠሩ፤ አባላቱም እቤታቸው የሠሩትን ጥሩር ለብሰው ካሜራ ፊት ቆሙ። ቅጂው ራሱ አብነት ሆነ። ዛሬ የእነዚያን ወታደሮች መልክ መገልበጥ የሚፈልግ ሰው የሚገለብጠው የአድናቂዎችን ሥራ ነው፤ ያ የሆነውም ሥራቸው ከነመዛነፉ ታማኝ ስለነበረ ነው።

አንድ ሕግ ነክ ማስጠንቀቂያም ጣልቃ ላስገባ። በ2011 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስቶርምትሩፐር ቁር በአገሪቱ የቅጂ መብት ሕግ ዘንድ «ቅርጻ ቅርጽ» አይባልም፤ ለፊልም ሥራ የሚያገለግል መገልገያ ዕቃ ነው ሲል ወስኗል። ይህን ውሳኔ ጠቅሶ «እንግዲህ ማንም የትም አምርቶ መሸጥ ይችላል» የሚል ሰው ተሳስቷል። ውሳኔው የእንግሊዝን ሕግ ይመለከታል፤ ያው ፍርድ ቤት በአሜሪካ የቅጂ መብት ላይ የሚነሣ ክስ እንግሊዝ ውስጥ ሊታይ እንደሚችልም በዚያው ወስኗል። ለራስ ሠርቶ መልበስና ለገበያ ማምረት የተለያዩ ናቸው።

ለጀማሪው የምለው እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ፊልም ምረጡ፤ «ስቶርምትሩፐር» ብቻ ብሎ የተነሣ ሰው ከሦስት ፊልም የተለቃቀመ ጥሩር ይዞ ይጨርሳል። የመረጣችሁትን አልባስ መዝገብ ገንዘብ ሳታወጡ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ። የጥሩሩ ክፍሎች ሲደርሷችሁ መቁረጫ አታንሡ። በ1977ቱ ጥሩር የክንድና የእግር ክፍሎች ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥመው በላያቸው መሸፈኛ ቅጥልጣይ ይለጠፋል፤ ስፋቱ ለክንድ 15፣ ለእግር ከፊት 20፣ ከኋላ 25 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ አስደርቦ መለጠፍ ይቀላል፤ ከጎን ሲታይ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ሰውነታችሁ ከተዋናዮቹ ቢሰፋ ወይም ቢቀጥን በዚህ መጋጠሚያ ላይ ይስተካከላል፤ ማኅበሩም ይህን ይቀበላል፤ ቅጥልጣዩ ግን ስፋቱን አይለውጥም።

መጀመሪያ ሁሉንም በወረቀት ፕላስተር አያይዙና ልበሱት። እጃችሁን አንሡ፤ ደረጃ ውጡ፤ ተቀመጡ። ጓደኛችሁ በወገባችሁ ቁመት ካሜራ ይዞ ፎቶ ያንሣችሁና ምስሉን ከፊልሙ ትዕይንት ጎን አስቀምጡት። የደረቱ ጠርዝ ከሆዱ ክፍል ጋር የሚገናኝበትን መስመር ተመልከቱ፤ የጀማሪ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚዛነፈው እዚያ ላይ ነው፤ ደረቱ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ከሥር የለበሳችሁት ጥቁር ልብስ ይታያል። ማንጠልጠያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር አስረዝሙና እንደገና ፎቶ ተነሡ። ሲገጥም እርሳስ ይዛችሁ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ መቁረጥ ትችላላችሁ።