ቲዎሪና ፓራዳይም በማኅበራዊ ሳይንስ

ቲዎሪ ወይም ንድፈ ሐሳብ አንድ ማኅበራዊ ነገር ለምን እንደሚሆን የሚሰጥ ማብራሪያ ነው። በመረጃ ይፈተናል፣ ይታረማል፣ ካልሠራም ይጣላል። ፓራዳይም፣ ማለትም የሙያው ሰዎች የሚጋሩት የአስተሳሰብ ማዕቀፍ፣ ከዚያ ይቀድማል። ምን መጠየቅ እንዳለበትና ምን ማስረጃ እንደሚባል የሚወስነው እሱ ነው። በአንድ ፓራዳይም ሥር እርስ በርስ የሚፋለሙ ብዙ ቲዎሪዎች ይኖራሉ። ፓራዳይሙን ግን አንድ ጥናት ብቻውን አይጥለውም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ራስን በማጥፋት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 የአውሮፓን አሃዞች አነጻጽሮ ቁጥሩ ከካቶሊኮች ይልቅ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ከፍ ይላል አለ። ምክንያቱ የማኅበራዊ ትስስር መላላት ነው ሲልም አብራራ። ይህ ቲዎሪ ነው። ብዙዎች በምክንያቱ ተከራክረውታል፤ አሃዙን ግን ይዘው ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ጃክ ዳግላስ በ1967 የመጣው በሌላ በር ነው። ሞቱን “ራስን ማጥፋት” ብሎ የሚመዘግበው ሰው በምን ወሰነ? ቤተሰብ ቢደብቅስ? ይህ ጠብ አሃዝን እንደ ሐቅ ከሚወስደው ፓራዳይም ጋር ነው።

ፓራዳይም የሚለውን ቃል ያገነነው የፊዚክስ ምሩቁ ቶማስ ኩን ነው፤ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ። እዚህ ላይ የእኛ ሙያ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ ድርሻ ይረሳል። ኩን በ1958 እና 59 ስታንፎርድ ውስጥ ከማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን ጋር ሰንብቶ ነበር። ትክክለኛው ጥያቄና ዘዴ የቱ እንደሆነ እንኳ አለመስማማታቸው ገረመው። የፊዚክስ ሰዎች ለምን እንዲህ አይጨቃጨቁም ብሎ ሲያስብ ነው ፓራዳይም የመጣለት። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን ደግሞ ቃሉን ቀደም ብሎ፣ በ1949፣ በራሱ ትርጉም ተጠቅሞበታል።

የኩን አጠቃቀም ልቅ ነበር። ፈላስፋዋ ማርጋሬት ማስተርማን 21 ትርጉም ቆጠረችለት። እሱም በ1969 ለመጽሐፉ በጻፈው ድኅረ ቃል ትርጉሙን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ የሙያው ሰዎች የሚጋሩት እምነትና ዘዴ፣ ሌላው ለአርአያ የሚሆን የተፈታ ጥያቄ። ማኅበራዊ ሳይንስ የወሰደው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው።

ሶሲዮሎጂስቱ ጆርጅ ሪትዘር በ1975 ለሶሲዮሎጂ ሦስት ፓራዳይሞች ሰጠ። የድርጅት ጥናት ምሁራኑ ቡሬልና ሞርጋን በ1979 አራት አሉ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መያዝም አይቻልም አሉ። ይህ ትንሽ የተጋነነ ይመስላል፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ከተለያዩ ፓራዳይሞች ጋር የሚያያዙትን ቃለ መጠይቅንና ስታቲስቲክስን በአንድ ጥናት የሚያጣምር ተመራማሪ ሞልቷል።