የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ በቤት መቀየር

አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከምናያቸው የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ያገለገሉ ቶዮታዎች ናቸው። ከእነሱም አውቶማቲኩ ብዙ ነው። ባለቤቶቹ የሞተር ዘይት ለመቀየር ኪሎ ሜትር ይቆጥራሉ። የካምቢዮውን ዘይት ግን መኪናዋን ከገዙ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያላዩ ሞልተዋል። ይህ ያሳዝነኛል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ ጥገናው ኪስ ያራቁታል፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን መቀየር ግን ግቢና ትዕግሥት ላለው ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ጥርሶቹን ያለሰልሳል፣ በቃ። በአውቶማቲክ ውስጥ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። የሞተሩን ጉልበት ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት በሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር በኩል የሚያሻግረው እሱ ነው። በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ፍሪሲዮኖች (የሚጣበቁና የሚላቀቁ ሳህኖች) በግፊቱ አጣብቆ ማርሽ የሚቀይረውም እሱ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ያወጣል፣ ከፍሪሲዮኑ የተፋቀውንም ዱቄት ጠርጎ ወደ ፊልትሮው ያደርሳል። ስለዚህ ሲደክም መኪናዋ ትናገራለች። ጠዋት ዲ ላይ ስታስገቡ ትዘገይና ደንገጥ ብላ ትይዛለች። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይከተልም።

ዘይቱ የራሱ ታሪክ አለው። ኦልድስሞቢል በ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሉ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ለገበያ አቀረበ። ጄኔራል ሞተርስ በ1949 ታይፕ ኤ የተባለ የዘይት ደረጃ አወጣ፣ በ1967 ደግሞ ዴክስሮን መጣ። የሚገርመው፣ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘይቱ ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመር ነበር። ፍሪሲዮኑ ሳይንገጫገጭ እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነበር። አሜሪካ ዓሣ ነባሪውን በሕግ ስትጠብቅ ኬሚስቶች ምትክ ለመፈለግ ተገደዱ። ቀዩ ቀለም ዘይቱ ከሞተር ዘይት እንዲለይ የተጨመረ ነው። የጥራት ምልክት አይደለም።

ትልቁ ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ብሎ መግዛት አይቻልም። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ቲ-ፎር የተባለውን ዘይት ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት ደብሊው ኤስ ይወስዳሉ። ሁለቱ አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ብዙዎቹ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩ ቪትዞች ደግሞ ሲቪቲ ናቸው። በእነሱ ውስጥ እንደተለመደው ማርሽ የለም፤ በሁለት ፑሊዎች መካከል የብረት ቺንጋ ነው የሚሽከረከረው። ቺንጋው እንዳይንሸራተት የራሱ የሲቪቲ ዘይት ያስፈልገዋል። ጎረቤቴ ጋራዥ ወስዶት ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ሞሉለት። በሳምንቱ መኪናዋ ከመብራት ስትነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ስለዚህ ዘይት ለመግዛት ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ስሙ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ስታገኙት ፎቶ አንሱት። ጀሪካኑ ሲከፈትም ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ተመሳስሎ የተሠራ ዘይት ገበያው ላይ አለ።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። እንደ ምሳሌ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣች ኮሮላን እንውሰድ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፉ፣ በክሪክ አንሱና ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አስቀምጡ። በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር ሰው አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ዘይቱ ለብ ሲል ቶሎ ይወርዳል፣ ከጋለ ግን እጅ ያቃጥላል። የካምቢዮው ማፍሰሻ ከሞተሩ ማፍሰሻ ብዙም አይርቅም። ተሳስቶ አንዱን በሌላው ፋንታ የፈታ ብዙ ነው፤ ውጤቱም ካምቢዮ ባዶ፣ ሞተር ደግሞ እጥፍ ዘይት ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቴ እዩ።

የወረደውን ዘይት በመለኪያ ያዙት። ከኮሮላዋ ወደ ሦስት ሊትር ይወጣል። ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ ማፍሰስ ግማሹን እንኳ ላይቀይር ይችላል። ብዙ ሰው ትንሽ ነድቶ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚደግመው ለዚህ ነው። እኔም በማሽን ግፊት ከማጠብ ይህን እመርጣለሁ፣ በተለይ ዘይቱ ለዓመታት ላልተቀየረ መኪና።

ከዚያ ኮፓው፣ ማለትም የካምቢዮው ታችኛው የዘይት መያዣ ሳህን፣ ይወርዳል። ይህን ክፍል እወደዋለሁ። ታቹ ላይ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ፤ ጥቁር ለስላሳ ጭቃ ለብሰው ታገኟቸዋላችሁ። በሁለት ጣት ፈተግ አድርጉት። እንደ ኩል ልስልስ ካለ የተለመደ ድካም ነው፣ አትደንግጡ። የሚወጋ ፍርፋሪ ወይም የብረት ስንጥር ከተሰማችሁ ግን ውስጥ የሚበላ ነገር አለ፤ ዘይት መቀየር አያድነውም። ዘይቱንም ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉና አሽቱት። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ፍሪሲዮኑ ሲጋይ ከርሟል ማለት ነው። እዚህ ላይ የምታዩትን ጋራዥ ብዙ ጊዜ አያሳያችሁም።

ፊልትሮው በጥቂት ቡሎኖች ብቻ የተያዘ ነው። ሲወርድ ዘይት ይዞ ስለሚመጣ ፊታችሁን ከሥሩ አርቁ። ኮፓውንና ማግኔቶቹን በደንብ አጥባችሁ አድርቁ፣ ቃጫ በሚተው ጨርቅ ግን አትጥረጉ። አሮጌውን ጋስኬት (የኮፓውን ማሸጊያ) ልጣችሁ አዲስ ግጠሙ። የኮፓ ቡሎኖች ቀጫጭን ናቸው። በትንሽ ቁልፍ፣ በመስቀል አቅጣጫ፣ ቀስ በቀስ ይጠበቃሉ። ጉልበት ያበዛ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንጠባጠቡ አይቆምም።

አዲሱን ዘይት የወጣውን ያህል በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ ሙሉ። መኪናዋን ከካቫሌቶው አውርዱ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ ጀምሮ በሁሉም ላይ አሳልፉና ወደ ፒ መልሱ። ልኩ የሚታየው ከሞተር ዘይት በተለየ መንገድ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ሆት በሚለው ምልክት መካከል መሆን አለበት። ማነሱ ፓምፑ አየር እንዲስብ ያደርጋል፣ መብዛቱም ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል። አዳዲሶቹ መኪኖች መለኪያ ዘንግ የላቸውም። በእነሱ የሙቀት መጠኑን በኮምፒውተር እያዩ ነው የሚለካው፤ ያ መሣሪያ ከሌላችሁ ለባለሙያ ተዉት።

በየስንት ኪሎ ሜትር? አንዳንድ አምራቾች «ለዕድሜ ልክ» ይላሉ። ቶዮታ ግን አሜሪካ ውስጥ ከባድ ሥራ ለሚሠሩ ብዙ መኪኖቹ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንዲቀየር ይመክራል። የሽሮ ሜዳን ዳገት በመጨናነቅ የምትወጣ መኪና ከባድ ሥራ ላይ ናት። እኔ ከ60,000 አላሳልፍም።

የተቃጠለውን ዘይት መሬት ላይ ወይም ቱቦ ውስጥ አትድፉት። አሜሪካ ያላችሁ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች በነፃ ይቀበሏችኋል። እዚህ በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚሰበስቡ ጋራዦች ስጡ። ኮንስትራክሽን ላይ የሲሚንቶ ፎርም ለመቀባትም ይፈልጉታል። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የወጣውን መጠን ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ታነባላችሁ።