«ጎመን ነው፣ ምን ችግር አለው?» እና ሌሎች የደቡብ ምግብ ስህተቶች

ባለፈው ግንቦት የአክስቴ ልጅ አትላንታ ተመረቀች። ከዋሽንግተን በመኪና ወረድን፤ አሥር ሰዓት ያህል መንገድ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ደቡቦቹ ምግብ ስናወራ ነበር። (ደቡብ ስል የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች ማለቴ ነው፤ ብራዚል አልሄድንም።) ካወራነው ግማሹ ስህተት ነበር።

«የደቡብ ምግብ ማለት የተጠበሰ ዶሮ ነው»

ዶሮውማ አለ። ግን ድሮ በገጠር ቤት የተጠበሰ ዶሮ የእሁድና የእንግዳ ምግብ ነበር፤ እኛ ዶሮ ወጥን ለበዓል እንደምናቆየው። የአዘቦቱ ምግብ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ስኳር ድንችና የበቆሎ ዳቦ ነው። ዛሬም «አንድ ሥጋ ከሦስት ጋር» የሚሉት ምሳ አላቸው፤ አንድ ሥጋና ሦስት አትክልት ትመርጣለህ። ከአትክልቶቹ ዝርዝር ውስጥ ማካሮኒ በቺዝ ታገኛለህ። እዚያ ማካሮኒ አትክልት ነው፤ አትከራከር።

«ጎመን ነው፣ ምን ችግር አለው?»

ትልቁ ስህተታችን ይሄ ነው። ኮላርድ የሚሉት ጎመን እኛ አሜሪካ ውስጥ ገዝተን የምንሠራው ያው ጎመን ነው። አክስቴ ስታየው ፊቷ በራ፤ «የኛው ጎመን!» ብላ ሁለት ማንኪያ ጎረሰች። በሦስተኛው ላይ ቀላ ያለች የሥጋ ክር አየች። አስተናጋጇን ጠየቅናት። በጭስ የደረቀ የአሳማ ቁርጭምጭሚት! ወሩ በዓለ ኀምሳ ስለነበር ጾም አልነበረም፤ አሳማ ግን አሳማ ነው። አክስቴ ማንኪያውን አስቀምጣ አፏን ሦስቴ ተጉመጠመጠች።

ባህላዊው አሠራር እንዲህ ነው፤ ጎመኑ ከአጥንቱ ጋር ለረጅም ጊዜ ይቀቀላል። መረቁን ደግሞ በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። በአሳማው ፋንታ በጭስ የደረቀ ተርኪ (የፈረንጅ ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ) የሚጠቀሙም አሉ። ስለዚህ «ሥጋ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። አጥንቱን አውጥተውት ከሆነ «የለውም» ሊሏችሁ ይችላሉ። «በምንድን ነው የተቀቀለው?» በሉ። ለባቄላውም ያው ነው።

«ቢስኪት ከሻይ ጋር ይበላል»

የኛ ብስኩት አይደለም። በቅቤና በአሬራ የተቦካ፣ ትኩስ፣ ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ነው። ላዩ ላይ የሚፈሰው ነጭ ስጎ ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ አለበት። አክስቴ በዚያ በኩል አላለፈችም።

«ግሪትስ ገንፎ ነው»

ተቀራርቧል። የተከካ በቆሎ ነው፣ ግን ከገንፎ ይቀጥናል። ቻርልስተን ከተማ ላይ ሽሪምፕ ከሚሉት ትንሽ የባሕር እንስሳ ጋር ይበሉታል። የአክስቴ ትንሹ ልጅ መሀሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጎ ቅቤ ጣለበት። አስተናጋጇ «አያቴም እንደዚህ ነበር የምታደርገው» ብላ ሳቀች።

«ባሚያ የአሜሪካኖች ነው»

ባሚያ ከአፍሪካ ነው የሄደው፣ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ጋር። ጋምቦ የሚሉት የኒው ኦርሊንስ ወጥ ስሙን ያገኘው ከባንቱ ቋንቋዎች የባሚያ መጠሪያ ነው ይባላል። የሚገርመው ግን ባሚያ የሌለው ጋምቦም አለ፤ በቅቤ ወይም በዘይት በተቆላ ዱቄት ያወፍሩታል።

«ሻይ ያው ሻይ ነው»

ሻይ ስትሉ በረዶ የሞላው ትልቅ ብርጭቆ ይመጣላችኋል፣ ስኳሩም እንደ ሽሮፕ ነው። አክስቴ ከጎመኑ በኋላ ሆዷን ለማረጋጋት ያዘዘችው እሱን ነበር። አንዴ ቀመሰችና ብርጭቆውን ወደ ልጇ ገፋችው።