ልማድ ምንድን ነው? በዓል ሲመጣስ ለምን ይጠፋል?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ ከሂርማታ ገበያ ወደ ቤት ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንድ ተናጋሪ ስለ በዓል ሰሞን ጤና ያወራል። «አንድ ነገር 21 ቀን ከደጋገማችሁት ልማድ ይሆናል» አለ። ቀጠለና «በበዓል የሚፈርስ ከሆነ መጀመሪያውንም ቁርጠኝነት አልነበራችሁም» አለ። ይህን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ግን በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ይህንኑ ይዘው፣ ራሳቸውን እየወቀሱ ምክር ፈልገው መጡ። ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው። አንዱ ኤዲኤችዲ አለበት፤ ትኩረት መሰብሰብና ሥራ መጀመር የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ ነው። ሌላዋ ኦቲዝም አለባት፤ ድንገተኛ ለውጥ፣ ድምፅና ሽታ ይከብዷታል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የ21ን ነገር እንጨርስ። ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። መነሻው ፊት ነበር፤ የጠዋት እግር ጉዞ አልነበረም። «ቢያንስ» የምትለዋም ቃል መንገድ ላይ ጠፋች። ቆየት ብሎ ለንደን ውስጥ የተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊ ቡድን 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታተለ። አዲስ ነገር ልማድ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆነ። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ጥናቱ 84 ቀን ብቻ ስለቆየ 254 በስሌት የተገመተ ነው። ተሳታፊዎቹም ኤዲኤችዲ ወይም ኦቲዝም አለባቸው ተብለው የተመረጡ አልነበሩም። ስለዚህ 66ንም አዲስ ሕግ አታድርጉት። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጎዳውም፤ ይህን ግን በሬዲዮ የሚጠቅስ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ልማድ ምንድን ነው? አንድ ምልክት ሲመጣ ብዙ ሳናስብ የምንሠራው ነገር ነው። ምልክቱ ሰዓት፣ ቦታ፣ ድምፅ ወይም ቀድሞ የተሠራ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ቁርጠኝነት የሚያስፈልገው ልማዱ እስኪተከል ነው። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚሠራው ምልክቱ ነው።

ኤዲኤችዲ ያለበትን፣ የማማክረውን ሰው ታሪክ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬ ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ የሚያነሳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ ሻይ ይቀዳል፣ መድኃኒቱን ከቁርስ ጋር ይወስዳል፣ ጫማውን ያስራል፣ በአዌቱ ወንዝ ዳር ሃያ ደቂቃ ተራምዶ ይሳፈራል። ለወራት አንድም ቀን አላጓደለም። ታኅሣሥ 29 ገና ሆነ። ሰርቪስ የለም። መውጣት የለም፣ ጫማ የለም፣ ከሰዓት በኋላ ትዝ ሲለው መድኃኒቱም አልተወሰደም። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ሊያገግም ሲል ከተራ መጣ፤ ከገና እስከ ጥር 10 ያለው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰውየው ምኑ ነው የተለወጠው? ፍላጎቱ ያው ነው። የተለወጠው ጠዋቱ ነው።

የጅማ ሰው ስለሆንኩ በቡና ላስረዳ። የእኛ ቡና የጥላ ቡና ነው። ከላይ ሰሳ ወይም ዋንዛ ይኖራል። አንድ ሰው ዛፉን ቆርጦ ቡናው ሲጠወልግ «ይህ ቡና ሰነፍ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? የዘወትር ቀን ቅርጽ ለልማድ ጥላ ነው። ሥር የሰደደ ቡና ጥቂት ቀን ፀሐይ ይችላል። ችግኝ ግን አይችልም። ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው ብዙ ልማዶች ዓመት ቆይተውም እንደ ችግኝ ናቸው፤ ሰዓት መገመትና ሥራ መጀመር ራሱ ከብዶታልና በጥላው ላይ ይደገፋል። ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። ዳሱ የሚነሳው በአንድ ጀምበር አይደለም፤ ችግኙ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ቀስ በቀስ እየሳሳ ነው። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ያለ ሰርቪስ መልመድም እንደዚያው ነው። ጥላው ከበዛ ደግሞ ቡናው ምርት ይቀንሳል። ደቂቃ በደቂቃ የታሰረ ፕሮግራምም ሰውን ያንቃል።

ኦቲዝም ላይ ነገሩ ይለያል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቅለል አልወድም፣ ምንም እንኳ ሁለቱም ያሉበት ሰው ብዙ ቢሆንም። ምክር ፈልጋ የመጣችውን ሴት የጎዳት ምልክት መጥፋቱ አይደለም፤ አለማወቁ ነው። ኢድ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ ጨረቃ እስክትታይ አይታወቅም። ለሌላው ቤት ያ ምሽት ደስታ ነው። እሷ ግን ሌሊቱን አትተኛም። መፍትሔዋ ሁለት ዕቅድ በወረቀት ማስፈር ሆነ፦ ነገ ከሆነ ይህ፣ ካልሆነ ያ። ከዚያ ዕጣኑ፣ የሰው ድምፅ፣ «በሞቴ ብዪ» አለ። ጉርሻን እምቢ ማለት ንቀት ይመስላል። እናቷ ነገሩ ሲገባቸው ጓዳውን ለቀቁላት። «ትንሽ አረፍ ልበል» ስትል ማንም «ምን ሆንሽ?» አይላትም። እንግዳ ሲጠይቅ የሚመልሱት እናቷ ናቸው።

የሬዲዮውን ተናጋሪ አንድ ነገር ልጠይቀው። ኦቲዝም ሲባል ሁሌ ሕፃን ነው የሚታየን። ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በዓል ይደግሳሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ። «ቁርጠኛ ሁኑ» ሲል እነሱም እንደሚሰሙት አስቦ ያውቃል?

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ሁሉንም ለማዳን አትሞክሩ። አንድ ወይም ሁለት ምረጡ፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒትና የመነሻ ሰዓት ይቀድማሉ። ከዚያ በዓል የማይወስደው ምልክት ላይ እሰሩት። በኛ ከተማ አቦል በበዓልም ያለ በዓልም ይፈላል። ግን ልብ በሉ፤ የኤዲኤችዲ መድኃኒቱ አነቃቂ ከሆነ ጠንካራ ቡና ሲጨመርበት ልብ ሊያስመታ ይችላል። ጫትም እንደዚያው፣ እንቅልፍንም ይወስዳል። ለጾም ብላችሁ የመድኃኒት ሰዓት የምትቀይሩ ከሆነ፣ የጾመ ነቢያትም ሆነ የረመዳን፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ያ ሰው ለጥምቀት ምልክቱን ፊት መታጠብ አደረገው። መድኃኒቱን ከሳሙናው አጠገብ፣ ልጆች በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ጥር 11 ጠዋት ቁርሱ ላይ ወሰደው። እግር ጉዞው አልሆነም፤ ታቦቱን ሲሸኝ የተራመደውን ቆጠርንለት።