«ኮሚቴው አጽድቆታል» የተቋምን ኃላፊነት አያወርድም

በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምርን በሚገመግም ኮሚቴ ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ሰው አንድ አባባል እስኪሰለቸው ይሰማል፦ «ኮሚቴው አጽድቆታል፤ ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የተመራማሪው ነው።» ይህን የሚሉት ተማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አስረድቼ አልፋቸው ነበር። የሚሉት ግን ዲኖች፣ የምርምር ዘርፍ ኃላፊዎችና የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ናቸው። ወደዚህ ከመግባቴ በፊት አነስ ያሉትን ስህተቶች ላንሳ።

«የእኛ መጠይቅ ብቻ ስለሆነ ጉዳት የለውም።» ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የተጠየቀች ሴት መረጃ ሰብሳቢው ከሄደ በኋላ ምን እንደሚደርስባት ማንም በመጠይቁ ላይ አይሞላውም።

«የድጋፍ ደብዳቤ ይዣለሁ።» የትምህርት ክፍሉ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚጽፈው ደብዳቤ ተማሪው የተቋሙ መሆኑን ይገልጻል፣ ትብብርም ይጠይቃል፤ ጥናቱ በተሳታፊዎች ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ማንም መመርመሩን ግን አያሳይም።

«የውጭው ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ አይቶታል።» የውጭው ኮሚቴ የራሱን አገር ሕግ ያውቃል፤ በገጠር ቀበሌ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይዛው የመጣችውን እንግዳ «አልፈልግም» ብሎ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አያውቅም። የአገር ውስጥ ግምገማ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

«ተሳታፊዋ የስምምነት ቅጹን ፈርማለች፤ ስለዚህ ተስማምታለች።» ፊርማም ሆነ የጣት አሻራ የሚያረጋግጠው ወረቀቱ እጇ መግባቱን እንጂ ነገሩ የገባት መሆኑን አይደለም። በወላይታ ስለ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ የሚውሉ ሰዎችን ስለሚይዘው የእግር እብጠት፣ የዘረመል ጥናት (በዘር የሚወረሰውን የሚመረምር) ሊካሄድ ሲታቀድ ተመራማሪዎቹ የስምምነት ቅጹን ከማዘጋጀታቸው በፊት ወደ ሕዝቡ ወርደው ጠየቁ። ጥናቱ በሽታው የዘር ነው የሚለውን መገለል ያባብሳል የሚል ስጋት መኖሩን የተረዱት በዚያ ጊዜ ነው፤ የስምምነቱንም አሠራር በዚሁ መሠረት አስተካከሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጊዜና ገንዘብ የሚመድበው ደግሞ ተቋሙ ነው።

ወደ ዋናው ስህተት የሚያደርሰን ይኸው ነው። ኮሚቴው የተቋሙ አንድ አካል እንጂ የተቋሙ ምትክ አይደለም። ተመራማሪውን የቀጠረው፣ የምርምሩን ገንዘብ በሒሳቡ የተቀበለው፣ ሕሙማኑ አምነው የመጡበትን ስም የያዘው ተቋሙ ነውና ተሳታፊዎችን የመጠበቅ ግዴታውም የኮሚቴው የማጽደቂያ ደብዳቤ ላይ ማኅተም በተመታበት ቀን አያበቃም።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል። ኮሚቴው ያጸደቀውን ጥናት የተቋሙ ኃላፊዎች ሊከለክሉ ይችላሉ፤ ኮሚቴው ያላጸደቀውን ግን ሊፈቅዱ አይችሉም። ከዚህ የሚከተለውን ኃላፊዎቻችን ልብ ሊሉት ይገባል፦ የኮሚቴው ይሁንታ ሳይከፈት ጥናቱ ሊጀመር የማይችለው አንዱ በር መከፈቱን እንጂ ተቋሙ የራሱን ፍርድ መስጠት ማቆሙን አያመለክትም።

ገምጋሚ ቡድን መኖሩ ብቻ እንደማያድን የሚያሳየው በአሜሪካ ተስኪጊ በተባለች ከተማ የሆነው ታሪክ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ሳያክም ተከታተለ፤ ፔኒሲሊን የበሽታው ዋና መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ1969 ጥናቱን እንዲመረምር የተሰበሰበ ቡድን «ይቀጥል» አለ፤ ጥናቱ የቆመውም ነገሩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በናይጄሪያ ካኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሳበት ወቅት የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር ትሮቫን የተባለውን መድኃኒት በሕፃናት ላይ ለሞከረበት ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ እንዳለው የሚያሳይ ደብዳቤ ቀርቦ ነበር፤ ኋላ ሲጣራ ግን ደብዳቤውን ሰጥቷል የተባለው ሆስፒታል በዚያን ጊዜ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዳልነበረው ታወቀ። በሁለቱም ቦታ በፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነበር፤ ተሳታፊዎቹን የሚጠብቅ ተቋም ግን አልነበረም።

ተቋሙ ራሱ ተጠያቂ ሲደረግ ምን እንደሚመስል ያየነው በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አንዲት የ24 ዓመት ጤነኛ ሴት ስለ አስም በተደረገ ጥናት ሄክሳሜቶኒየም የተባለ ንጥረ ነገር በትንፋሽ ከወሰደች በኋላ ሞተች። ተቆጣጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመራማሪውን ብቻ ጠይቆ አልቀረም፤ በዩኒቨርሲቲው በፌዴራል ገንዘብ የሚካሄዱትን በሰዎች ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ከሞላ ጎደል በሙሉ አገደ።

በአገራችንም የጎደለው የት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ ተቋም የጸደቀን ጥናት ልንጎበኝ ሄደን፣ የተሳታፊዎች ስም፣ ስልክና የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ያለባቸው ቅጾች ማንም በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ በካርቶን ተከማችተው አገኘን። በፕሮቶኮሉ (ኮሚቴው ባጸደቀው የጥናት ዕቅድ) ላይ «በተቆለፈ ካቢኔት ይቀመጣሉ» ተብሎ ተጽፏል። ዋና ተመራማሪው ካቢኔት እንዲገዛለት ቢጠይቅም ግዥ ክፍል አልፈጸመለትም። በሌላ ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎቹ የሚከፈላቸው በሞሉት መጠይቅ ብዛት ስለነበር ስምምነት የሚጠይቁት እየሮጡ ነበር፤ ያን የክፍያ ውል የፈረመው ደግሞ የተቋሙ ፋይናንስ ነው። ኮሚቴው ሁለቱንም ፕሮቶኮሎች በሚገባ ገምግሟል፤ ጉዳቱ የመጣው ከኮሚቴው እጅ ውጭ ከሆነ ቦታ ነው።

ስለዚህ ለተቋም ኃላፊዎች የምለው ይህን ነው። ኮሚቴውን በትርፍ ሰዓት የሚሠራ የመምህራን ስብሰባ አድርጋችሁ አትተዉት፤ ቋሚ ጸሐፊ፣ የራሱ በጀትና ለመስክ ጉብኝት የሚሆን መኪና ይኑረው። ከአባላቱ መካከል ሳይንቲስት ያልሆነና ከተቋሙ ደመወዝ የማይበላ ሰው ይኑር፤ እሱም ሲናገር ይደመጥ። የትልቅ ፕሮጀክት ባለቤት የሆነው ፕሮፌሰር «ቶሎ ይለቅልኝ» ብሎ ሲደውልላችሁ ስልኩን ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ አታሳልፉ። ተሳታፊ በጥናቱ ምክንያት ቢጎዳ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይወሰን፤ ከተጎዳ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ የሚያልቀው በተሳታፊው ኪሳራ ነው። በየስምምነት ቅጹ ግርጌ «ቅሬታ ካለዎት ይደውሉ» ተብሎ የሚጻፈውንም ቁጥር ዛሬውኑ ደውላችሁ ሞክሩት፤ የሚያነሳ ሰው ከሌለ በሥራ ሰዓት የሚያነሳውን፣ ቅሬታውን የሚመዘግበውንና ምላሽ የሚሰጠውን ሠራተኛ በስሙ መድቡ።