የድሮ ስፖርት መኪና ከልጅ ጋር ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለገጣፎ ግቢያችን ውስጥ ከልጄ ጋር አንድ አሮጌ ካርማን ጊያ እያደስን ነው። ጎረቤት ጎራ ብሎ ያያል፣ ይመክራል። ምክሩ ከልብ ነው። ግን ደጋግሜ የምሰማቸው አንዳንድ ነገሮች ትክክል አይደሉም።

«መለዋወጫ አይገኝለትም»

ካርማን ጊያ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተመረተ መኪና ነው። ቅርጹ ጣሊያናዊ ነው፤ ከሥሩ ግን ያው የምናውቀው ቮልስ ነው። አብዛኛው የሞተር ዕቃ ሲጎድል ሶማሌ ተራ ሄዶ የቮልስ ብሎ መጠየቅ ነው። የሚያስቸግረው ቦዲው ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን ይፈታል፤ የዚህኛው ከቦዲው ጋር የተበየደ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ለልጅዎ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይስጡ። ዝገት ወይም ጉድጓድ ለመሸፈን ስቱኮ በወፍራሙ የተለጠፈበት ቦታ ላይ ማግኔቱ አይዝም። ልጆች ይህን ፍለጋ ይወዱታል።

«ስፖርት መኪና ነው፣ ይበራል»

መልኩ ነው ስፖርት። የመጀመሪያዎቹ ሞተር 1192 ሲሲ፣ ጉልበቱም 30 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ጉልበት ይጠፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ከማለት በፊት የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ ማየት ይሻላል።

«ውሃ ስለሌለው አይግልም»

ይግላል እንጂ! የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ነው። ቺንጊያው ከላላ ወይም በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎሚኒና ላሜራ ከጎደለ ሞተሩ ይቃጠላል። የቫልቭ ክፍተትም መለካት አለበት፤ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ይቃጠላል። ይህ በእኛ ቤት የልጄ ሥራ ነው። የመኪናው ቁልፍ ተነቅሎ፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ፣ የዲናሞውን ፑሊ በ21 ቁልፍ ቀስ አድርጋ ታዞራለች። ከዚያ ባለ 0.15 ሚሊ ሜትሯን ቀጭን ብረት ታስገባለች። «አባዬ፣ ይሄኛው ጠብቋል» ስትለኝ እኔም አረጋግጣለሁ። ብዙ ሰው ልጅን «ቁልፍ አቀብይ» ብቻ ይላል። እንደዚያ ሲሆን ቶሎ ይሰለቻሉ፤ የራሳቸው የሚሉት ሥራ ሲኖራቸው ግን ራሳቸው ይቀሰቅሱናል።

«ዕቃ በቤንዚን ይታጠባል»

ልጅ ባለበት በፍጹም! የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና አብዛኛውን ቅባት ያነሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የፍሬን ብናኝ ነው። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ አለ። በኮምፕሬሰር መንፋት የተለመደ ቢሆንም ትልቅ ጥፋት ነው። ማስክ አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ያን ቀን ልጄ ግቢ ውስጥ አትቆምም። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥርም ማንም አይገባም፣ ትልቅም ቢሆን።

«መጀመሪያ ቀለም ይቀባ»

የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ቀለሙን ልጄ መርጣለች፤ ፍሬኑ ተሠርቶ ሳያልቅ ግን የቀለሙ ቆርቆሮ አይከፈትም።