የወሎ ሴቶች፦ ፆታ፣ እምነት፣ መሬትና የቆዳ ቀለም በአንድ ትከሻ

በወሎ የሴቶች ነገር ሲነሳ አንዱን ጉዳይ ነጥሎ ማውራት የተለመደ ነው። አንድ ሰሞን ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ሌላ ሰሞን ግርዛት፣ ከዚያ ደግሞ ስደት። ኑሮው ግን እንዲህ ተራ ይዞ አይመጣም። ከሀብሩ ወይም ከተሁለደሬ ገጠር የወጣች ልጅ ሴት ናት፣ የድሃ ገበሬ ልጅ ናት፣ ምናልባትም ሙስሊም ናት። ጅዳ ስትደርስ ደግሞ ጥቁር ትሆናለች። እዚህ ሳለች ጥቁር መሆኗን የነገራት ሰው አልነበረም።

ይህን መደራረብ በንድፈ ሐሳብ ያስቀመጠችው አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1989። አንዱ መነሻዋ ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን የከሰሱበት መዝገብ ነበር። ሴቶቹ ከሥራ የተቀነስነው ጥቁርም ሴትም ስለሆንን ነው አሉ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን አዳብሎ ለማየት ፈቃደኛ አልሆነም። ኩባንያው ሴት ይቀጥራል፣ ግን ነጭ። ጥቁርም ይቀጥራል፣ ግን ወንድ። መሀል ላይ የቆሙት ጥቁር ሴቶች ለሕጉ አልታዩትም። የወሎም ታሪክ በዚህ ዓይን ሲታይ ብዙ ነገር ይገለጣል።

ወሎ ሴት ገዥ ብርቋ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወርቂትና መስታወት የተባሉ ሁለት ሴቶች በልጆቻቸው ስም አገር ገዝተዋል፤ እርስ በርስም ተፎካክረዋል። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጦ ሲመጣ አሳልፋ ወደ ሸዋ የሸኘችው ወርቂት ናት። ዋጋውንም ከፈለች። ቴዎድሮስ በመያዣነት ይዞት የነበረውን ልጇን ገደለው። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ግን በዚያው ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ይሸጡ ከነበሩት ባሪያዎች አብዛኞቹ ልጃገረዶችና ሴቶች ነበሩ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ነው። እመቤቷም ገረዷም ሴት ነበሩ፤ ኑሯቸው ግን አይገናኝም። «ወሎ ሴቱን ያከብራል» ለሚል ሰው የትኛዋን ሴት ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ መሬት እንምጣ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባልና ሚስት ስም ይሰጣል፤ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፍበታል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ፍቺ ሲመጣ «ውጪልኝ» ማለት እንደ ድሮው አልቀለለም። ማረሻው ግን አሁንም የወንድ ነው። ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም የሚለው ልማድ ስላለ፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። አራሹ ምርቱን ይካፈላታል። ደብተሩ ላይ ባለመሬት፣ ጎተራው ላይ ባለ ግማሽ። ሁለተኛ ሚስት ከሆነች ነገሩ ይብሳል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ቁጥር 79/1995፣ በጋብቻ ላይ ጋብቻን አይፈቅድም። በሸሪዓ ግን ሚስት ናት፣ በጎረቤትም ዘንድ ሚስት ናት። ውርስና ክፍፍል ሲመጣ የምትንገላታው እሷ ናት። ሕጉ የወጣው ሴትን ለመጠበቅ ነበር፤ የድሃዋን ሙስሊም ሴት ጉዳይ ግን መሀል ላይ ትቶታል።

ስለ ገላ ሲወራ ሕጉ ብዙ ርቀት ሄዷል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ይህን ሰረዘ፤ ግርዛትንም ወንጀል አደረገ። በወሎ ገጠር ግርዛት በአብዛኛው ሕፃኗ ገና በአራስነቷ የሚፈጸም ነው፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይፈጽመዋል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የተገረዙ ሴቶች ቁጥር በ1992 ከነበረበት 80 በመቶ በ2008 ወደ 65 ወርዷል። ያው ሕግ ግን አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ባል አይከሰስም ማለት ነው። ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ፣ ተደፍራ ላረገዘች ሴት ቃሏ ብቻ ይበቃል፤ ማስረጃ አምጪ አትባልም። ጤና ጣቢያ ድረስ ለመሄድ ግን ሰፈሩን ማለፍ አለ፤ ሰፈሩ ደግሞ ሁሉን ያያል።

ስለ «የወሎ ቆንጆ»ም አንድ ነገር ልበል። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ሆነው ዘፈኑ ሁሉ የወሎን ልጅ ሲያወድስ ይኖራል። ውዳሴው ደስ ይላል። ከተማ ወርዳ ቡና ቤት ወይም ሆቴል ለምትቀጠር ልጅ ግን «የወሎ ልጅ ነሽ?» ሁልጊዜ ሙገሳ አይደለም።

ሁሉም ነገር አንድ ላይ የሚጋጠመው ስደት ላይ ነው። ከሰሜንና ደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ፣ ኩዌትና ቤሩት የሚሄዱት ሴቶች ብዙ ናቸው። መንገዱ ሁለት ነው፦ በኮንትራት ወይም በባሕር። የኮንትራቷ ምርመራ አለባት፤ እርጉዝ ከሆነች ጉዞው ይቀራል። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ መታወቂያዋ ላይ ዓመት ይጨመርላታል። ክርስቲያኗ የሙስሊም ስም ታወጣለች፣ ሂጃብ ታጠልቃለች። በባሕር የምትሄደው በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ትሻገራለች፤ አንዳንዶቹ ከመነሳታቸው በፊት የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ይወጋሉ። ልጅ ላለመውለድ አቅደው አይደለም፣ መንገድ ላይ የሚጠብቃቸውን ስለሚያውቁ ነው። ይህን እያወቁ ደላላ የሚከፍሉላቸው ቤተሰቦች አሉ። ድህነት ነው፣ ግን ድህነት ብቻ አይደለም፤ ወንዱን ልጅ ከትምህርቱ ላለማስቀረት ሴቷ ትላካለች።

እዚያ ስትደርስ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ይጠብቃታል። ኢቃማዋም (የመኖሪያ ፈቃዷም) መውጫዋም «ከፊል» በሚባለው አሠሪዋ እጅ ነው። ማዳሟ ፓስፖርቷን ትይዛለች። የፊሊፒንስ ሠራተኛ በተሻለ ደመወዝ ስትቀጠር የሀበሻዋ ዝቅ ይላል። «ዐብድ» የሚለውን ስድብ የምትሰማውም እዚያ ነው፤ ትርጉሙ ባሪያ ነው። አገር ቤት ሸክላ ሠሪዋን «ጠይብ» እያለ ያገለለ ቤት ያሳደጋት ልጅ እዚያ ራሷ ትገለላለች። ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙም አላየሁም።

መንግሥት በጥቅምት 2006 ጉዞውን ከለከለ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ማባረር ጀመረችና ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው ግን ተጓዧን አላስቀረም፣ በባሕር አደረጋት እንጂ። ቀጥሎ የመጣው አዋጅ 923/2008 ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅን ጠየቀ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው የገጠር ልጅ፣ ማለትም ከሁሉም በላይ ጥበቃ የሚያስፈልጋት፣ ውጭ ቀረች።

በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ የትግራይ ኃይሎች አካባቢውን ይዘው ሳለ የፈጸሟቸውን የመደፈር ጥቃቶች የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በመጋቢት 2014 ሪፖርቱ መዝግቧል። ጤና ተቋማት ስለተዘረፉ ብዙዎች በሰዓቱ ሕክምና አላገኙም።

ሴቶቹ ዝም ብለው ተቀምጠዋል ማለት አይደለም። በወዳጃ፣ ማለትም በጋራ ጸሎቱ ላይ፣ ምርቃታቸው የሚፈለግ ዱበርቲ የሚባሉ ሴቶች አሉ። ቅሬው፣ የወሎ ዕድር፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይል ያስተዛዝናል። አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ግን በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ደም ሲታረቅ፣ ርስት ሲካፈል የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴትም ጉዳይዋ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው። በላከችው ብር ቤት ተሠርቷል፤ ካርታው የወጣው ግን በአባቷ ወይም በወንድሟ ስም ነው። ፍርድ ቤት ብትሄድ የሐዋላ ደረሰኝ ያስፈልጋታል። ሽማግሌዎቹ ፊት ብትቀርብ «አባትሽን ልትከሺ?» ትባላለች። አሁን አሁን ታዲያ ደረሰኙን በስልካቸው ፎቶ እያነሱ የሚያስቀምጡ፣ ብሩን ሲልኩም «ይህ ለቤቱ ነው» ብለው በድምፅ የሚቀዱ ልጆች አሉ።